የሪከርደራችሁ ትንሿ ቀዳዳ፦ ለጆሮ ናት ወይስ ለሚክሰር?

መጀመሪያ መልሱን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱን የፈለገ ይቀጥላል። የሄድፎን ምልክት ያለባት የሪከርደራችሁ ቀዳዳ ከሚክሰር (ከድምፅ ማደባለቂያ)፣ ከካሜራ ወይም ከላፕቶፕ ጋር ልትገናኝ ትችላለች። ግን ሦስት ነገር ካልተስተካከለ የሚወጣው ድምፅ ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ይሳሳል፣ ወይ ጭራሽ ይጠፋል፤ ቮሉሙ፣ ገመዱ እና ገመዱ የሚገባበት ቦታ። በተቃራኒው ላይን አውት ተብሎ የተጻፈባት፣ ድምፅ ወደ ሌላ ዕቃ ለመላክ የተሠራች ቀዳዳ ላይ ሄድፎን ብትሰኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሽ ነገር የለም፣ ግን አይረባም።

ይህን የምጽፈው ባሕር ዳር ውስጥ ከዕቃው ጋር ለሚታገሉ ሰዎች ነው። ሐይቁ ዳር ባሉ ሆቴሎች ሰርግ የሚቀርጹ ልጆች አሉ። ማሕሌት የሚቀዱ ዲያቆናት አሉ። አዝማሪ ቤት ገብተው ለዩቲዩብ የሚሠሩ አሉ፤ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው በጀልባ ዘጌ ተሻግረው አባቶችን የሚጠይቁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉ። ሁሉም መቅረጹን ያውቁበታል። ሪከርደሩ ውስጥ የገባውን ድምፅ አውጥቶ ሌላ ዕቃ ውስጥ ማስገባት ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ሙከራ ይሆናል። ሰካ፣ ንቀል፣ ቮሉም ጨምር፣ ቀንስ፣ ገመዱን ጠምዘዝ።

መሠረቱን እንያዝ። ድምፅ ገመድ ውስጥ ሲሄድ ኤሌክትሪክ ነው፣ መጠኑ ግን እንደ ምንጩ ይለያያል። ከማይክ የሚወጣው በጣም ደካማ ነው። ሰው ሲያወራበት አንድ ወይም ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው የሚሰጠው። ሚሊቮልት የቮልት አንድ ሺህኛ ነው። ላይን የሚባለው መጠን ከዚህ በጣም ይበልጣል። ለቤት ዕቃ፣ ማለትም ከኋላቸው ነጭና ቀይ ቀዳዳ ላላቸው ዲቪዲና ዴክ፣ መለኪያው 0.316 ቮልት ነው፤ ባለሙያዎች ማይነስ 10 ዲቢቪ ይሉታል። የስቱዲዮና የመድረክ ዕቃ ደግሞ ከፍ ብሎ 1.23 ቮልት ገደማ ላይ ይሠራል፣ እሱ ፕላስ 4 ዲቢዩ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን ልዩነት መለኪያ) ገደማ ነው፣ በቮልት ሲታይ አራት እጥፍ ያህል። ከማይክ ወደ ላይን ያለው ርቀት ግን ከመቶ እጥፍ በላይ ሊሆን ይችላል። ይህችን ቁጥር ያዟት፣ ካሜራ ጋ ስንደርስ ትፈለጋለች።

የሄድፎን መውጫስ? እሱ የራሱ የተወሰነ መጠን የለውም። ቮሉም ስላለው እናንተ የፈለጋችሁት መጠን ነው። ዜሮ ላይ ዝም ይላል፣ እስከ ላይ ሲከፈት ከቤት ዕቃ ላይን በላይ ሊሆን ይችላል። ትልቁ የግራ መጋባት ምንጭ ይኸው ነው፤ ትናንት በደንብ የሠራው ግንኙነት ዛሬ ያስቸግራል፣ ምክንያቱም ማታ አንድ ሰው ሄድፎን ሰክቶ ሲያዳምጥ ቮሉሙን ነክቶታል።

እሺ፣ ሁለቱም ቮልት የሚያወጡ ከሆነ ለምን ሁለት ቀዳዳ ተፈለገ? ልዩነቱ ያለው ሸክሙ ላይ ነው። ሄድፎን ውስጡ ትንሽ ጥቅል ሽቦ አለ፣ እሱ የሚንቀሳቀስ ስስ ሽፋን ይገፋል፤ ይህ እውነተኛ ሥራ ስለሆነ ጉልበት ይበላል። የሚክሰር ላይን መግቢያ ግን ምንም የሚገፋ ነገር የለውም፣ የመጣለትን ቮልት አይቶ ማንበብ ብቻ ነው ሥራው። ከዘጌ እንጨት ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ የደንገል ታንኳና ባዶውን የሚመለስ ታንኳ እኩል ክንድ አይጠይቁም፤ ሄድፎኑ ጭነት ያለበት ነው፣ ሚክሰሩ ባዶው።

ሸክሙ የሚለካው በኦም ነው፣ እዚህ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ኦሙ ባነሰ ቁጥር ሸክሙ ይከብዳል። የተለመዱ ኤርፎኖች 16 ወይም 32 ኦም ናቸው። የሶኒ ኤምዲአር-7506፣ በቀረጻ ሰዎች ዘንድ በጣም የታወቀው፣ 63 ኦም ነው። የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ደግሞ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል፤ ሰው ከውጭ ሲያመጣላችሁ የትኛው እንደሆነ ሣጥኑን ማየት ያስፈልጋል። የሚክሰር ላይን መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሺህ ኦምና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ 32 ኦም ከ10 ሺህ ኦም ጋር ሲነጻጸር ከ300 እጥፍ በላይ የከበደ ሸክም ነው።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፣ አትፍሩ። የብዙ ትናንሽ ሪከርደሮች መመሪያ ላይ የሄድፎን መውጫው ለ32 ኦም 20 ሚሊዋት ይሰጣል የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ። ወደ ቮልት ስትቀይሩት 0.8 ቮልት ይሆናል። 0.8 ቮልት ከቤት ዕቃ ላይን ከ0.316 ይበልጣል፣ ከመድረክ ዕቃ ከ1.23 ያንሳል። መካከል ላይ ነው። ለዚህ ነው የሄድፎን ቀዳዳ እንደ ላይን አውት ሊያገለግል የሚችለው፤ ከባዱን ሸክም እንዲሸከም የተሠራ ቀላሉን ሲሰጡት አይቸገርም።

በተቃራኒው እንመልከት። የላይን አውት ቀዳዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከመቶ እስከ አንድ ሺህ ኦም የሚደርስ መከላከያ በመንገዱ ላይ ይቀመጣል። ገመድ ቢነካካ ዕቃው እንዳይጎዳ ነው። 1000 ኦም ነው እንበል። 10 ሺህ ኦም ያለው ሚክሰር ሲገናኘው ከቮልቱ 91 በመቶው ይደርሰዋል፣ የሚጎድለው ጆሮ የማይለየው ነው። 32 ኦም ሄድፎን ሲሰካበት ግን የሚደርሰው 3 በመቶ ብቻ ነው። ወደ 30 ዴሲቤል ወረደ ማለት ነው። ድምፅ ይሰማል፣ ከሩቅ ጎረቤት ቤት እንደተከፈተ ሬዲዮ። ዕቃው ተበላሽቶ ሳይሆን ሥራው ስላልሆነ ነው።

በነገራችን ላይ ይኸው ሒሳብ ትልልቅ ሄድፎን ለምን በትንሽ ሪከርደር እንደሚደክም ያስረዳል። ያንኑ 0.8 ቮልት ለ300 ኦም ሄድፎን ስትሰጡት የሚደርሰው ጉልበት ከ20 ሚሊዋት ወደ 2 ሚሊዋት ገደማ ይወርዳል። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይበቃ ይሆናል። ጢስ ዓባይ ፏፏቴው አጠገብ ቆማችሁ ግን የምትቀርጹትን መስማት ትፈልጋላችሁ እንጂ መገመት አይደለም። ለውጭ ሥራ ከ32 እስከ 80 ኦም የሆነ፣ ጆሮን ሙሉ የሚሸፍን ሄድፎን ያዙ። ክፍት የሆነው ዓይነት ቤት ውስጥ ያምራል፣ ነፋስ ባለበት ግን የሐይቁን ነፋስ ከነማዕበሉ ያስገባላችኋል፤ ማይኩ የሰማውና ጆሯችሁ በቀጥታ የሰማው ይደባለቅባችኋል።

የትኛው ሪከርደር የትኛው ቀዳዳ አለው? ትናንሾቹ ሁለቱንም በአንድ ቀዳዳ ጠቅልለው ያወጣሉ። ዙም ኤች 1 ኤን፣ ዙም ኤች 4 ኤን ፕሮ እና ታስካም ዲአር-05 እንደዚህ ናቸው፤ አንዲት 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለች፣ አጠገቧ ሄድፎንም ላይንም ተብሎ ተጽፏል። ይህ ማለት ውስጧ የሄድፎን አምፕሊፋየር አለ፣ ቮሉሙ ይነካታል፣ እናንተ ራሳችሁ ናችሁ ላይን የምታደርጓት። ዙም ኤች 5 እና ኤች 6 ግን ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች አሏቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ በሁለቱ ዓይነቶች መካከል ካሉት ልዩነቶች ሁሉ ለሰርግና ለመድረክ ሥራ ትልቁ ይኼ ነው። በአንዱ ወደ ሚክሰር ወይም ወደ ካሜራ እየላካችሁ በሌላው ማዳመጥ ትችላላችሁ። የሄድፎን ቮሉም ብትነኩም ወደ ሚክሰር የሚሄደው ንቅንቅ አይልም። ነጋዴ ስለ ማይኩ ብዙ ይነግራችኋል፣ ስለዚህች ግን ማንም አያነሳም።

አንድ ቀዳዳ ብቻ ካላችሁ እንዲህ አድርጉ። ሚክሰሩ ላይ የምትገቡበትን ቻናል ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ሪከርደሩ ላይ ቀድሞ የተቀረጸ፣ ከፍ ያለ ቦታ ያለው ድምፅ አጫውቱ። የሪከርደሩን ቮሉም ወደ ሦስት አራተኛ ገደማ አምጡት። ከዚያ በሚክሰሩ ጌን፣ ማለትም በመግቢያው ማጉያ፣ እየጨመራችሁ መብራቱ አረንጓዴው ላይ ደህና ሲጫወት፣ ቀዩን ደግሞ ሳይነካ አቁሙት። ከዚያ በኋላ የሪከርደሩን ቮሉም ማንም እንዳይነካው፤ ፕላስተር ለጥፉበት ብል አላፍርም፣ ያደርጉታልም። ለምን እስከ ጫፍ አይከፈትም ካላችሁ፣ ትንንሽ የሄድፎን አምፕሊፋየሮች ጫፍ ላይ ሲደርሱ ድምፁን መቆራረጥ ሊጀምሩ ይችላሉ፣ በተለይ ባትሪው ሲደክም። ለምን በጣም ዝቅ አይልም ካላችሁ ደግሞ፣ የሪከርደሩ መውጫ የራሱ ትንሽ ሽሽታ አለው። ቮሉሙን ዝቅ አድርጋችሁ በሚክሰሩ ጌን ካካካሳችሁት ሙዚቃው ብቻ ሳይሆን ሽሽታውም አብሮ ያድጋል፣ በእረፍት ሰዓት ሞንታርቦው ሽሽሽ ሲል ታገኙታላችሁ።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነጥብ። የሄድፎን ቮሉም ቀረጻውን አይነካም። ሪከርደሩ ውስጥ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አሉ፤ ድምፁ በማይክ ገብቶ በሪኮርድ ሌቭል ተስተካክሎ ወደ ካርዱ ይሄዳል፣ ከዚያው ላይ ግልባጩ ወደ ሄድፎን ይወጣል። ሄድፎኑን ብትዘጉም ካርዱ ላይ ያለው ያው ነው። ስለዚህ ድምፁ ጆሯችሁ ላይ ጮኸ ማለት በደንብ ተቀረጸ ማለት አይደለም። ማሕሌት ላይ ከበሮ ሲመታ ይህ ጎልቶ ይታያል። ዜማውን እየሰማችሁ በጆሮ ደህና ነው ትላላችሁ፣ ከበሮው ሲመታ ግን ለቅጽበት ከላይ ይነካል፤ ሄድፎኑ ለስለስ ስላለላችሁ አትነቁም፣ ቤት ስትገቡ ፋይሉ ላይ የተቆረጠ ድምፅ ታገኛላችሁ። ያ ደግሞ አይድንም። ለመጠን ዓይናችሁን እመኑ፣ ሪከርደሩ ላይ ያለው የድምፅ መጠን ማሳያ (ሜትሩ) ከፍተኛው ቦታ ላይ ማይነስ 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። ለጥራት ደግሞ ጆሯችሁን እመኑ፤ የነፋስ ጉርምርምታ፣ የልብስ ፍትጊያ፣ የጀልባ ሞተር፣ እነዚህን ሜትር አያሳይም።

ሌላ ትንሽ ነገር። አንዳንድ ሪከርደሮች የሪኮርድ ቁልፉ አንዴ ተጭኖ ዝግጁ ካልሆኑ በስተቀር ማይኩ የሚሰማውን ወደ ሄድፎን አያወጡም። ታስካም ዲአር-05 እንደዚህ ነው። ዙም ኤች 4 ኤን ላይ ደግሞ ሞኒተር የሚባል ማብሪያ አለ። ሄድፎኔ ሞተ ብላችሁ ጥገና ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ይህን እዩ።

አሁን ገመድ። ካነበባችሁት ሁሉ ይህን ክፍል ብቻ ብታስታውሱ ይበቃኛል፣ ምክንያቱም ችግሩ በአብዛኛው እዚህ ነው ያለው።

የገመዱን ጫፍ መሰኪያ፣ የጃኩን ብረት ተመልከቱ። ብረቱ ላይ ጥቁር ቀለበቶች አሉ፣ ብረቱን ወደ ተለያዩ ክፍሎች ይከፍሉታል። አንድ ጥቁር ቀለበት ካለው ሞኖ ነው፣ አንድ ድምፅና መሬት፣ ማለትም የድምፁ መመለሻ መንገድ። ሁለት ካለው ስቴሪዮ ነው፣ ጫፉ ግራ፣ መካከሉ ቀኝ፣ ከሥር ያለው መሬት። ሦስት ካለው የስልክ ጃክ ነው፣ ማይክም ተጨምሮበታል። የሪከርደራችሁ ቀዳዳ የተሠራው ለሁለቱ ቀለበት ነው።

ሞኖ ጃክ ብትሰኩባት የጃኩ ረጅም ብረት የቀኙን ድምፅ በቀጥታ ከመሬት ጋር ያገናኘዋል። የቀኙ አምፕሊፋየር እንግዲህ ሸክም ሳይሆን ባዶ አጭር መንገድ ነው የገጠመው። ብዙዎቹ መከላከያ ስላላቸው ወዲያው አይሞቱም፣ ግን ባትሪ ይበላል፣ ሙቀት ይፈጥራል፣ ለሰዓታት እንደዚያ መተው ደግሞ አያዋጣም። የድሮ ሞኖ አምፕሊፋየር ባለበት አዳራሽ ይህ ሁልጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው።

ግራና ቀኙን አንድ ላይ ጠምዝዞ ወደ አንድ መግቢያ መስጠትም ያው ነው። ሁለቱ አምፕሊፋየሮች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ሞኖ የግድ ካስፈለገ በእያንዳንዱ መስመር ላይ 1000 ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር (ኤሌክትሪክ የሚገድብ ትንሽ ዕቃ) ገብቶ ከዚያ በኋላ ነው መገናኘት ያለባቸው። ይህን ከተማ ውስጥ ያለ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት በደቂቃዎች ይበይድላችኋል፣ ሬዚስተሩ ራሱ የሳንቲም ዕቃ ነው።

ከሁሉም ግን አስገራሚው ይህ ነው። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ናችሁ እንበል፤ ቀድማችሁ የቀረጻችሁትን የመሰንቆና የዘፈን ድምፅ በሞንታርቦው ልታሰሙ ነው። ከአንድ ጫፉ ትንሽ፣ ከሌላው ጫፉ ትልቅ ጃክ ያለው ገመድ አገኛችሁ፣ ሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ቀለበት አለው። ሚክሰሩ ላይ ሰካችሁት። ጭብጨባው ይሰማል፣ የሰዉ ጫጫታ ይሰማል፣ የአዳራሹ ማስተጋባት ይሰማል። ዘፋኙ ግን የለም። መሰንቆውም ከሩቅ ሆኗል። ሰው ሁሉ ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል።

ፋይሉ ደህና ነው። የሚክሰሩ ትልቁ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ባላንስድ የሚባል ነው። ባላንስድ መግቢያ በጫፉ የመጣውንና በመካከሉ የመጣውን አይደምርም፣ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። ይህ የተፈጠረው ረጅም ገመድ የሚለቅመውን ጫጫታ ለማጥፋት ነው፤ ጫጫታው በሁለቱም ሽቦ ላይ እኩል ስለሚመጣ ሲቀነስ ዜሮ ይሆናል። ብልህ ዘዴ ነው። እናንተ ግን በአንዱ ግራውን፣ በሌላው ቀኙን ልካችሁበታል። ዘፋኙ መሐል ላይ ስለነበር በግራም በቀኝም እኩል ተቀርጿል። እኩል ከእኩል ሲቀነስ ዜሮ፣ ዘፋኙ ጠፋ። የቀረው በግራና በቀኝ የሚለያየው ብቻ ነው፣ ያም ጭብጨባና ማስተጋባት ነው። ሚክሰሩ ዘፋኙን እንደ ጫጫታ ቆጥሮ አጠፋላችሁ።

ስለዚህ የምትፈልጉት ገመድ ከአንድ ወገን አንድ ትንሽ ስቴሪዮ ጃክ፣ ከሌላው ወገን ሁለት ትልልቅ ሞኖ ጃክ ያለው ነው። ግራው ወደ አንድ ቻናል፣ ቀኙ ወደ ሌላው ይገባል። ሚክሰሩ ነጭና ቀይ መግቢያ ካለው ደግሞ ከትንሽ ስቴሪዮ ጃክ ወደ ነጭና ቀይ የሚሄደው ገመድ ከሁሉም ይቀላል፤ እሱ በየሱቁ አለ። ኤክስኤልአር የሚባለውን፣ ክብና ባለ ሦስት ቀዳዳ የሆነውን መግቢያ ግን የግድ ካላስፈለጋችሁ በቀር ተዉት። እሱ አብዛኛውን ጊዜ ለማይክ ነው፣ በላዩም ላይ ሚክሰሩ ፋንተም የሚባል 48 ቮልት ከፍቶ ሊሆን ይችላል። ያን ወደ ሪከርደር መውጫ መላክ አይመከርም።

ካሜራ ጋ ስንመጣ ያቺን መቶ እጥፍ አስታውሱ። የብዙ ካሜራዎች 3.5 ሚሊሜትር መግቢያ ለማይክ ነው፣ ጥቂት ሚሊቮልት ነው የሚጠብቀው። እናንተ የምትልኩለት ደግሞ የቮልት አንድ ሦስተኛ ነው። ውጤቱ የታወቀ ነው፣ ድምፁ ተሰነጣጥቆ ይገባል፣ የካሜራውን ሌቭል ወደ ታች ብታወርዱትም አንዳንዴ አይድንም፤ ምክንያቱም ስንጥቁ የተፈጠረው ከማስተካከያው በፊት ባለው መግቢያ ላይ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ፣ የሪከርደሩ ቀዳዳ ቮሉም ያለው ከሆነ በጣም ዝቅ ማድረግ፤ ቅድም አይመከርም ያልኩት ሽሽታ እዚህም ይመጣል፣ ግን በኋላ ቪዲዮውን ከሪከርደሩ ድምፅ ጋር ለማመሳሰያ ብቻ ከሆነ ይበቃል። ሁለተኛውና የተሻለው፣ ድምፅ የሚቀንስ ገመድ መጠቀም ነው፤ በውስጡ ሬዚስተር ያለው፣ ከ20 እስከ 40 ዴሲቤል የሚቀንስ። ታስካም ዲአር-60ዲ ላይ ለዚሁ ተብሎ ካሜራ አውት የሚባል የተለየ ቀዳዳ አለ። ሌላው ጠቃሚ ነገር፣ የካሜራ ማይክ መግቢያ ለትንንሽ ማይኮች ኃይል እንዲሆን ጥቂት ቮልት ራሱ ይልካል። ካሜራው ሜኑ ውስጥ ማጥፊያ ካለው አጥፉት።

ስልክ ላይ መላክ የምትፈልጉ ደግሞ፣ ባለ ሁለት ቀለበት ገመድ ስልክ ላይ ብትሰኩ ስልኩ ሄድፎን የተሰካ ይመስለዋል እንጂ ምንም አይቀበልም። የስልኩ ማይክ መግቢያ ባለ ሦስት ቀለበቱ ጃክ ላይ ያለው የመጨረሻው ክፍል ነው። ለዚህ የሚሆን መለወጫ ገመድ ይሸጣል። በቴሌግራም ለመላክ ብቻ ከሆነ ግን ካርዱን አውጥቶ ፋይሉን መገልበጥ ከሁሉም ይቀላል፣ እኔ እንደዚያ ነው የምለው።

ጉምጉምታ ቀረ። አገራችን ያለው መብራት 50 ኸርዝ ነው። ሪከርደሩን ከሚክሰር ጋር ስታገናኙ የሚመጣው ወፍራም ምምምም የሚል ድምፅ የእሱ ነው። የሚመጣውም ሪከርደሩ በቻርጀር፣ ወይም ከተሰካ ላፕቶፕ ላይ ኃይል ሲያገኝና ሚክሰሩም ከሌላ ሶኬት ሲያገኝ ነው። ሁለቱ በመብራቱ መስመር በኩል አንድ ጊዜ፣ በድምፅ ገመዱ በኩል ሌላ ጊዜ ይገናኛሉ፤ ክብ መንገድ ይፈጠራል፣ ኤሌክትሪኩ እዚያ ላይ ይዞራል። ለማረጋገጥ ቻርጀሩን ንቀሉ። ጉምጉምታው ከጠፋ ምክንያቱ ታወቀ፣ ሥራውን በባትሪ ጨርሱ። ዲአር-05ም ዙም ኤች 5ም በሁለት ተራ ባትሪ ይሠራሉ፣ በየሱቁ የሚገኝ ነገር ነው። ፓወር ባንክም ከግድግዳ ጋር ስለማይገናኝ ብዙ ጊዜ ያድናል። በላፕቶፕ የግድ ከሆነ ደግሞ በመሐል የሚገባ ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር አለ፣ ግንኙነቱን ቆርጦ ድምፁን ብቻ ያሳልፋል። አንዳንድ ሰው የሚያደርጋትን፣ የሶኬቱን የመሬት መስመር መቁረጥን ግን አታድርጉ። ጉምጉምታው ይጠፋል፣ ነገር ግን ዕቃው ኤሌክትሪክ ቢያፈስ ማይክ የያዘው ሰው ነው መሬት የሚሆነው።

በገናን የምትቀርጹ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። በገና በተፈጥሮው ይንዘፈዘፋል፤ ከአሥሩ ክሮች ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ ያንን ዝዝዝ የሚለውን ድምፅ ይሰጠዋል። ከመብራት ጉምጉምታ ጋር ሲደባለቅ ጀማሪ ጆሮ አይለያቸውም። መለያው ቀላል ነው፤ ደርዳሪው እጁን ሲያነሳ የበገናው ድምፅ እየደከመ ይጠፋል፣ የመብራቱ ግን እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ለጥቂት ሰከንድ ጸጥታውን ቅረጹና በሄድፎን ስሙት። በገናው በሄድፎናችሁ ቀጭን ሆኖ ከተሰማችሁም ወዲያው ማይኩን አትጠርጥሩ። አንዳንድ የሄድፎን መውጫዎች በመንገዳቸው ላይ ካፓሲተር የሚባል ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አላቸው፤ ዝቅተኛ ኦም ያለው ኤርፎን ሲሰካባቸው ወፍራሙን ድምፅ ይቀንሱታል። 100 ማይክሮፋራድ ቢሆን ከ32 ኦም ጋር መቀነስ የሚጀምረው 50 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ በ16 ኦም ደግሞ 100 ኸርዝ አካባቢ። ፋይሉ ላይ ግን ሙሉው አለ። ያንኑ ከሚክሰር ጋር ስታገናኙት ቅነሳው አይታይም፣ ምክንያቱም የሚክሰሩ ኦም ትልቅ ነው።

ሁለት ሰው አብሮ ማዳመጥ ሲፈልግስ? ባለ ሁለት መንገድ መክፈያ ትጠቀማላችሁ። ሁለት 32 ኦም ኤርፎን ሲደመሩ ሸክሙ 16 ኦም ይሆናል፣ አብዛኛው ሪከርደር ይችለዋል፣ ድምፁ ትንሽ ሊወርድ ይችላል። አንደኛው 32 ኦም፣ ሌላው 250 ኦም ከሆነ ግን የአንዱ ጆሮ ሲደነቁር ሌላው ምንም አልሰማሁም ይላል። አንድ ዓይነት ኤርፎን ያዙ። ብሉቱዝ ማስተላለፊያ ቀዳዳው ላይ ሰክታችሁ በገመድ አልባ ለማዳመጥ ካሰባችሁ ደግሞ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል፤ ቃለ መጠይቅ ለመስማት ይሆናል፣ አዝማሪው የራሱን ድምፅ እየሰማ እንዲጫወት ከፈለጋችሁ ግን ገመድ ያለውን ስጡት።